የፋንታሲ ፊልም መክፈቻ ሙዚቃ አሠራር፦ መሣሪያው ይቅደም፣ ዜማው ይደርሳል

የፍቅር ፊልም የሚሠራ ሰው ዕድለኛ ነው። ካፌውን ያሳያል፣ ማኪያቶውን ያሳያል፣ አለቀ። ተመልካቹ የት እንዳለ ገብቶታል። ፋንታሲ የሚሠራ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ዛፍ የሚናገርበትን፣ ዘንዶ የሚበርበትን አገር ማንም አይቶ አያውቅም። ያንን አገር በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማሳመን አለበት። ገንዘቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ የቤተ መንግሥት በር እንኳን አያሠራም።

እዚህ ላይ ሙዚቃ ይደርስለታል። በር ማሠራት ያቃተው ገንዘብ አንድ ጎበዝ ማሲንቆ መቺ ስቱዲዮ ሊያስገባ ይችላል።

ይህ መመሪያ አጭር ፋንታሲ ፊልም፣ አኒሜሽን ወይም የዩቲዩብ ተከታታይ ለሚሠሩ ነው። ኮምፒውተር፣ ትንሽ ኪቦርድና ደህና የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ መጀመር ይቻላል። ኖታ ማንበብ ግዴታ አይደለም። አቋሜን ግን ከአሁኑ ልናገር። አብዛኛው ጀማሪ መጀመሪያ የሚሮጠው ዜማ ፍለጋ ነው። እኔ መሣሪያውን አስቀድሙ ነው የምለው። ተመልካች አንድን ዜማ ለመያዝ ጊዜ ይወስድበታል። መሣሪያውን ግን በመጀመሪያው ድምፅ ያውቀዋል። ከዚህ በፊት የት እንደሰማውም ያስታውሳል፣ ለቅሶ ላይ ይሁን፣ ሰርግ ላይ፣ ገና ላይ። ስሜቱን ይዞ የሚመጣው ያ ትዝታ ነው።

1. በሌላ ሰው መክፈቻ ላይ ተለማመዱ

በደንብ የምታውቁትን አንድ ፋንታሲ ፊልም ምረጡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ደጋግማችሁ እዩ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ። ቀጥሎ ጀርባችሁን ለስክሪኑ ሰጥታችሁ፣ በጆሮ ብቻ። በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ሰከንዱ፣ የሚሰማው መሣሪያ፣ የሚታየው ነገር። «ያምራል»፣ «ያስፈራል» እያላችሁ አትጻፉ። የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ። «ቀጭን የደወል ድምፅ ገባ»፣ «ቫዮሊኖቹ መሮጥ ጀመሩ»፣ «ሁሉም ዝም አለ»። የመሣሪያውን ስም ባታውቁትም ችግር የለም።

የመጀመሪያውን የሃሪ ፖተር ፊልም እንውሰድ። የ2001 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሌሊት ነው። አንድ ተራ የእንግሊዝ ሰፈር እናያለን። አንድ ዓይነት ቤቶች ተደርድረዋል። ጉጉት አለች። ረጅም ጢም ያለው ሽማግሌ ከጨለማው ብቅ ብሎ የመንገዱን መብራቶች አንድ በአንድ ያጠፋል። ድምፁን አጥፍታችሁ ስታዩት ሰውየው ሌባም ሊሆን ይችላል። ድምፁን ስትመልሱት ግን ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊሊያምስ የመረጠው መሣሪያ ሴለስታ ስለሆነ ነው።

ሴለስታ ሲያዩት ትንሽ ፒያኖ ይመስላል። ውስጡ ግን ክር የለውም። መዶሻዎቹ የሚመቱት ስስ ብረቶችን ነው። ኦጉስት ሙስቴል የተባለ መሣሪያ ሠሪ በ1886 ፓሪስ ውስጥ ፈለሰፈው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1892፣ ቻይኮቭስኪ «ነትክራከር» በተባለው ባሌት ውስጥ የጣፋጭ አገሯን ተረት እመቤት በዚሁ መሣሪያ አስጨፈራት። ባሌቱ የገና ሌሊት ታሪክ ነው፤ በምዕራቡ ዓለም በየዓመቱ ገና ሲመጣ ይታያል። ስለዚህ የዚያ አገር ጆሮ ሴለስታን ከበረዶ፣ ከመጫወቻና ከተረት ጋር አስሮታል። በ1990 «ኤድዋርድ ሲዘርሃንድስ» ሲሠራ ዳኒ ኤልፍማንም ወደዚሁ መሣሪያ ነው የሄደው። ከጎኑ ቃል የሌለው ኳየር (የመዘምራን ቡድን) አቆመለት።

ዊሊያምስ በዚህ አሮጌ ትዝታ ላይ አንድ ነገር አከለበት። ዜማው በኢ ማይነር ነው፤ ማይነር ጠቆር ያለ ድምፅ ያለው ስኬል (የኖታዎች መሰላል) ነው። እንደ ዋልዝ ጭፈራ በሦስት ምት ይዞራል። ግን ከስኬሉ ውጭ ወደሆኑ ኖታዎች እየሾለከ ይወጣል። የልጅ መጫወቻ የመሰለ ድምፅ ትንሽ ጠማማ ነገር ይጫወታል። ደስ ይላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይታመንም። ስክሪኑ ላይ እስካሁን ያየነው ቤት፣ መንገድ፣ ጉጉትና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። አስማት መኖሩን ቀድሞ የነገረን መሣሪያው ነው።

ጊዜ ካላችሁ የስምንቱን ፊልሞች መክፈቻ በተራ አዳምጡ። ከ2001 እስከ 2011 አራት የሙዚቃ ደራሲዎች ተፈራርቀውበታል፦ ዊሊያምስ፣ ፓትሪክ ዶይል፣ ኒኮላስ ሁፐር፣ አሌክሳንደር ዴስፕላ። በሰባተኛው ፊልም መክፈቻ ላይ የዋርነር ብራዘርስ አርማ እያየነው ይዝጋል። የመጨረሻው ፊልም ላይ ዴስፕላ የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻውን አስገባ። ዘፋኟ ማይ ፉጂሳዋ ትባላለች፤ የጃፓናዊው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ የጆ ሂሳይሺ ልጅ ናት። ዓለሙ ያው ነው፣ ልጁም ያው ነው። ግን መጫወቻው ተቀምጦ ለቅሶ ገብቷል። ተመልካቹ ማን ሊሞት እንደሆነ ባያውቅም ሞት እንዳለ ገብቶታል።

2. ስሜቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ኪቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ሁለተኛው ደቂቃ ሲያልቅ ተመልካቹ ምን እንዲሰማው ትፈልጋለህ?» «ኤፒክ ይሁን» የሚል መልስ አትቀበሉ። ኤፒክ ስሜት አይደለም፤ የድምፅ ብዛት ነው። መደነቅ፣ ስጋት፣ ናፍቆት፣ ሐዘን፣ ተንኮል ያዘለ ጨዋታ፣ የጥንት ክብር፣ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ምረጡ። አንዱ ከፊት ይሆናል፣ ሌላው ከኋላ ይደበቃል።

ሁለቱ ሲጋጩ ይበልጥ ጥሩ ነው። በ2006 የወጣው «ፓንስ ላቢሪንት» የሚጀምረው በጨለማ ነው። ዘመኑ 1944፣ አገሩ ስፔን መሆኑን ጽሑፍ ይነግረናል። የአንዲት ልጅ የጭንቅ ትንፋሽ ይሰማል። ከትንፋሹ ጋር እሹሩሩ ይመጣል፤ ቃል የለውም፣ ሴት እያንጎራጎረችው ነው። ከዚያ ልጅቷ ደም እየፈሰሳት ወድቃ እናያታለን። እሹሩሩ ልጅ የሚያስተኛ ነው። እዚህ ላይ ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሆነ ስታስቡት ይዘገንናል። አቀናባሪው ሃቪየር ናቫሬቴ አስፈሪ ሙዚቃ መጻፍ አላስፈለገውም። የዋህ ዜማ ክፉ ቦታ ላይ አስቀመጠ፣ በቃ።

3. መሣሪያ ምረጡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

መጀመሪያ ተመልካቻችሁ ማን እንደሆነ ወስኑ። የለንደን ጆሮና የደብረ ማርቆስ ጆሮ ያደጉት በተለያየ ድምፅ ነው። ሴለስታ ለእኛ አገር ሰው ገናን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ቢኖር ከፊልም የሰማውን ነው። ያ ደግሞ የተዋሱት ትዝታ ነው፤ ይሠራል፣ ግን «ይህንን የት ነው ያየሁት?» ያሰኛል። የራሱ ጆሮ ውስጥ ያለውን ብትነኩለት የበለጠ ይቀርበዋል።

ለምሳሌ የጥንት መንግሥት ማሳየት ፈልጋችኋል እንበል። ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት አሉላችሁ። ነጋሪት ሲጎሰም አዋጅ ሊነገር ነው፤ ይህንን ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም። ቤተ መንግሥቱን ሳታሳዩ ንጉሡ ደረሰ። እምቢልታ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ ነፊ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው። ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ነው ዜማ የሚሠሩት። ይህንን መቀባበል አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን መሐል አድርጋችሁ ብትቀርጹት፣ ሰፊ ሜዳ ላይ የቆመ ሠራዊት ይመስላል። ሦስት ሰው ብቻ እንደነፋው ማንም አይጠረጥርም።

በገና ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሥር ክር አለው። በየክሩ ሥር ያለው እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ነው ያንን የሚንዘረዘር ከባድ ድምፅ የሚሰጠው። ለውጭ አገር የሙዚቃ አቀናባሪ ይህ ድምፅ ምርጥ የጠንቋይ ዋሻ ነው። ለእኛ ግን ዐቢይ ጾም ነው፣ ጸሎት ነው፣ ንስሐ ነው። ክፉውን ጠንቋይ በበገና ብታስገቡት ተመልካቹ መፍራቱን ትቶ ይቀየማችኋል። ዓለምን የተወ መናኝ፣ ሟች ንጉሥ፣ ኃጢአቱ የከበደው ጀግና ካላችሁ ግን ከበገና የተሻለ የለም።

ዋሽንት እረኛና ሜዳ ነው፣ ብቸኝነት ነው። ማሲንቆ ደግሞ አዝማሪ ነው፤ ታሪክ ነጋሪ። አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ እንደ ሰው ያለቅሳል፣ ያሽሟጥጣልም። «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ ለሚጀምር ፊልም ተራኪውን ከነመሣሪያው አገኛችሁት ማለት ነው። ክራርን ለመሸጋገሪያ አስቀምጡት፤ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ክራር ጉዞ ይመስላል።

የሌላ ሕዝብ መሣሪያ ስትጠቀሙ ደግሞ ባለቤቱን ጠይቁ። ሉድቪግ ጎራንሰን የ«ብላክ ፓንተር»ን ሙዚቃ ከመጻፉ በፊት ሴኔጋል ሄዶ ከዘፋኙ ባባ ማል ጋር ሰነበተ። ተናጋሪ ከበሮ የሚባለውን መሣሪያ እዚያው ቀረጸ፤ የንጉሡንም ዜማ በዚያ ከበሮ ዙሪያ ሠራው። በ2019 ኦስካር ወሰደበት። ከኢንተርኔት «አፍሪካን ድራም» የሚል ሳምፕል (የተቀረጸ ቁራጭ ድምፅ) አውርዶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ይህ አይሆንም ነበር።

አሁን ምርጫችሁን ወደ ሦስት አውርዱ። አንድ መሪ ይኑር፣ ዜማውን የሚይዝ። አንድ ወለል ይኑር፣ ከሥር ሳይቋረጥ የሚጎተት ዝቅ ያለ ድምፅ። አንድ እንግዳ ይኑር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ የሚወጣ። ከሦስት በላይ ከፈለጋችሁ ምክንያቱን ጻፉ። «ባዶ መሰለኝ» ምክንያት አይደለም።

4. ትልቅ ትጀምራላችሁ ወይስ ትንሽ?

ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም በ2001 ፊልሞች ላይ በግልጽ ይታያሉ።

«የቀለበቶቹ ጌታ» የመጀመሪያ ክፍል በትልቅ ይጀምራል። ጨለማ፣ የሴት ድምፅ፣ ከዚያ ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የጥንት ታሪክ። ሃዋርድ ሾር ኦርኬስትራውንም ኳየሩንም ይለቀዋል። ጦርነት ይሆናል፣ ንጉሥ ይወድቃል፣ ቀለበት ይጠፋል። ቀጥሎ አረንጓዴ መንደር ይመጣል። አንድ ዋሽንት መሰል ፊሽካና አንድ ፊድል (የገጠር ቫዮሊን)፣ የገጠር ጨዋታ። ያ ትንሽ ድምፅ ልብ የሚነካው ከትልቁ በኋላ ስለመጣ ነው። መንደሩ ምን ሊያጣ እንደሚችል ሰምተናላ።

«ስፒሪትድ አዌይ» ግን በተቃራኒው ነው። ቤተሰቧ ቤት እየቀየረ ያለች ልጅ መኪና ውስጥ አበባ ታቅፋ ተጋድማለች። ጆ ሂሳይሺ በፒያኖ ብቻ ይጀምራል። አማልክቱና መናፍስቱ ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጡት። ሙዚቃው የልጅቷን ሆድ ባሻነት ነግሮናል፤ ስለ አስማቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ሁለተኛውን መንገድ ምረጡ። በኮምፒውተር የተሠራ መቶ ሰው ኦርኬስትራ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር እንደተሠራ ያስታውቃል። አንድ እውነተኛ ሰው የተጫወተው አንድ መሣሪያ ግን አይዋሽም።

5. ፍጥነቱን ከምስሉ ጋር አስሉ

ይህኛው ሒሳብ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ፊልም ብዙ ጊዜ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። ሙዚቃው በደቂቃ 60 ምት ከሆነ እያንዳንዱ ምት 24 ፍሬም ይይዛል። በ72 ምት 20 ፍሬም፣ በ90 ምት 16 ፍሬም፣ በ120 ምት 12 ፍሬም። እነዚህን ቁጥሮች ብትጠቀሙ የኤዲተሩ ቆረጣ ምት ላይ በቀላሉ ይወድቃል።

የፊልሙ ርዕስ በ40ኛው ሰከንድ ይወጣል እንበል። 40ን በ72 አባዙ፣ ለ60 አካፍሉ፤ 48 ምት ይሆናል። ምቱ በአራት በአራት ተመድቦ የሚቆጠር ከሆነ 12 ባር (ምድብ)፣ በሦስት የሚቆጠር ከሆነ 16 ባር ነው። ስለዚህ ርዕሱ ላይ ትልቁን ድምፅ ማሳረፍ ከፈለጋችሁ አሥራ ሁለት ባር ገንቡና አሥራ ሦስተኛው ላይ ልቀቁት።

በሦስት የሚቆጠር ምት ይዞራል፣ ያወዛውዛል፤ ለተረት ይመቻል። በአራት የሚቆጠር ይራመዳል። በአምስት የሚቆጠር ደግሞ ያነክሳል። ሾር በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ አይዘንጋርድ ለተባለው ቦታ የጦር ፋብሪካ አምስት ምት መርጦ ብረት ለብረት አስመታበት። ጆሮ ስድስተኛውን ሲጠብቅ ማሽኑ ቀድሞት ይነሳል። ሰላም የማይሰጥ አገር ማሳየት ስትፈልጉ ሞክሩት።

6. ኮርዱንና ቅኝቱን አታጋጩ

ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ኖታዎች ናቸው። ኪቦርዱ ላይ ሲ ሜጀር ያዙ፦ ሲ፣ ኢ፣ ጂ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኤ ፍላት ሜጀር ዝለሉ፦ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ኢ ፍላት። ሁለቱ ኮርዶች የሚጋሩት ሲን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ተንሸራተተ። በር ተከፍቶ ሌላ አገር የታየ ያህል ነው፤ በርካታ የፋንታሲ ፊልሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ይህ ነው። ሁለቱንም ማይነር ካደረጋችኋቸው (ሲ ማይነር ከዚያ ኤ ፍላት ማይነር) ያው በር ይከፈታል፣ ግን የሚታየው አገር ደስ አይልም። ለስጋት ይህንን ውሰዱ።

ጥንቃቄው እዚህ ጋ ነው። ከላይ ማሲንቆ በትዝታ ሜጀር እየተጫወተ ከሥሩ እነዚህን ኮርዶች ብታስገቡ ይጣላሉ። ትዝታው ኢ ይላል፣ ኮርዱ ኢ ፍላት ይላል። የእኛ ቅኝቶች አምስት ኖታ ብቻ ነው ያላቸው፤ ክፍተታቸው ነው ውበታቸው። ስለዚህ ማሲንቆ ወይም ክራር ሲጫወት ከሥሩ አንድ ኖታ ብቻ ጎትቱ። ኮርድ መቀየር ስትፈልጉ ማሲንቆውን ዝም አሰኙት።

ስለ አንቺሆዬ ደግሞ አንድ ነገር። ከሲ ስትነሱ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። በሲና በጂ ፍላት መሐል ያለው ርቀት በምዕራቡ ፊልም ላይ የፍርሃት ምልክት ነው። ስለዚህ በወረቀት ሲታይ አንቺሆዬ ለጭራቅ መግቢያ የተሠራ ይመስላል። አጫውቱትና የአክስታችሁን ፊት እዩ። እልል ልትል ነው። ይህን ቅኝት ሰርግ ቤት ነው የምታውቀው። ለጭራቅ የሚሆነው ፍጥነቱን በጣም ጎትታችሁ፣ ወደ ወፍራም ድምፅ አውርዳችሁ፣ የሰርጉን ምት ጨርሳችሁ ስታጠፉት ብቻ ነው። ወይም ደግሞ እያወቃችሁ የተረገመ ሰርግ ላይ ተጠቀሙበት፤ ያ እንዲያውም ግሩም መክፈቻ ይወጣዋል።

7. የሰው ድምፅ

ኳየር ሚጥሚጣ ነው፣ ጥቂቱ ይበቃል። «አ» እና «ኡ» ብቻ የሚሉ አራት ሰዎች፣ ደጋግማችሁ ቀርጻችሁ ስትደርቧቸው ሃያ ሰው ይመስላሉ። በየቅጂው ቦታ አቀያይሯቸው፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ማይክ አጠገብ ከቆመ የእሱ ድምፅ ያጋልጣችኋል።

ተመልካቹ የማይገባውን ቋንቋ ማስዘመር የተለመደ ነው። በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ኳየሩ የመጽሐፉ ደራሲ ቶልኪን በፈጠራቸው ቋንቋዎች ጭምር ይዘምራል። ብዙ ወጣቶቻችን ታዲያ ለአስማት ትዕይንት ግዕዝ ሲያስገቡ አያለሁ። አትቸኩሉ። ግዕዝ ብዙ ተመልካች የጸለየበት ቋንቋ ነው። ከቅዳሴ የተወሰደ ሐረግ ጠንቋይ አፍ ውስጥ ሲገባ ፊልማችሁ መነጋገሪያ ይሆናል፣ ግን በፈለጋችሁት መንገድ አይደለም። ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ፍጠሩ። አናባቢ ይብዛባቸው፣ «ሳ» እና «ሻ» ይነስባቸው፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ «ስ» ሲል ማይክ ላይ ያፏጫል።

8. ለተራኪው ቦታ ልቀቁ

«ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት...» የሚል ድምፅ ካለ ሙዚቃው ሁለተኛ ነው። የወንድ ተራኪ ወፍራም ከሆነ ከሥሩ በቼሎ (ወፍራም ድምፅ ባለው ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) ዜማ አታጫውቱ፤ ሁለቱ የሚኖሩት አንድ ሰፈር ነው። ቀጭን፣ ረጅም የቫዮሊን ድምፅ ከላይ አኑሩ። መሪው መሣሪያ የሚናገረው ተራኪው ትንፋሽ ሲወስድ ብቻ ይሁን። ሚክስ ላይ (ድምፆቹን ስታመጣጥኑ) ደግሞ ሙዚቃውን ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው አካባቢ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት። ቃላት የሚለዩት እዚያ ነው። ሙዚቃው የቀነሰ አይመስልም፣ ንግግሩ ግን ጥርት ይላል።

ዝምታንም እንደ አንድ መሣሪያ ቁጠሩት። ርዕሱ ከመውጣቱ በፊት ያለውን አንድ ሙሉ ባር ባዶ አድርጉት። ንፋስ ብቻ ይሰማ። ብዙዎች ይህንን ባር በከበሮ ይሞሉታል፤ የማስታወቂያ ከበሮ፣ ቡም ቡም። በግሌ ሰልችቶኛል።

9. ቀረጻና ሚክስ

ስቱዲዮ ከሌላችሁ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ፈልጉ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ። ፍሪጁን ንቀሉት። ለማሲንቆ ማይኩን ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ሳንቲሜትር አርቁትና ወደ ቆዳው አዙሩት። ለዋሽንት ማይኩ ከነፊው አፍ ፊት ለፊት አይሁን፤ ትንፋሹ ይመታዋል፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ክራሩን ከቀረጻ በፊት ከኪቦርዱ ጋር አስተካክሉ። ብዙ የክራር ተጫዋች ለዘፋኙ ድምፅ ነው የሚቃኘው፤ ኪቦርዱ ግን የትም አይሄድላችሁም።

ማሲንቆውን ኮምፒውተር ላይ «ልናርመው» አትበሉ። ያቺ ትንሽ መንሸራተት ስህተት አይደለችም።

ሪቨርብ ቦታ ይሠራል። ሦስትና አራት ሰከንድ የሚቆይ ማስተጋባት ዋሻ፣ ገደል፣ ትልቅ አዳራሽ ነው። ጭራሽ ያልተነካ ደረቅ ድምፅ ደግሞ ጆሮአችሁ ሥር የሚያወራ ሰው ነው። መሪውን ደረቅ፣ ወለሉን ርጥብ (ማስተጋባት የበዛበት) ብታደርጉ ሰው ከፊት፣ አገር ከኋላ ይሆናል።

ከዚያ በስልክ ስፒከር አዳምጡት። ተመልካቻችሁ የሚያየው በስልክ ነው፣ ምናልባት ታክሲ ውስጥ። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ብዙም አያሰማም። ያ ሁሉ የደከማችሁበት ከባድ ወለል ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ያንኑ ኖታ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በላይኛው እርከን) ከፍ አድርጋችሁ በቀስታ ደርቡት። ለነጋሪቱም የእንጨቱን «ቋ» የሚል ድምፅ ጎላ አድርጉ፤ ጆሮ ወፍራሙን ራሱ ይሞላዋል። ድምፁን ሁሉ እስከ ጣሪያ አትግፉት። ዩቲዩብ በጣም የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ለእናንተ የሚቀራችሁ የተጨፈለቀ ሙዚቃ ነው።

10. ፊልሙን ላላየ ሰው አሰሙት

ምስሉን ሳታሳዩ ድምፁን ብቻ አጫውቱለት። ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የት ነን? ዘመኑ መቼ ነው? ምን ሊመጣ ነው? «ያምራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ወዳጅ ሁሉ «ያምራል» ነው የሚለው። «ጫካ፣ ድሮ፣ መጥፎ ነገር» ካለና እናንተም የፈለጋችሁት ይህንን ከሆነ ሠርቷል። «ቤተ ክርስቲያን» ካላችሁ ወይም የሌላ ፊልም ስም ከጠራላችሁ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመልሳችሁ መሣሪያውን ቀይሩ። ዜማውን አትንኩት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የሌላ ፊልም ስም የሚጠራበት ምክንያት በአብዛኛው ጊዜያዊ ሙዚቃ ነው። ዳይሬክተሩ ኤዲት ሲያደርግ የታወቀ ፊልም ሙዚቃ ከሥር ያስገባል። ወራት ሲሰማው ይለምደዋል። ከዚያ «ልክ እንደሱ አድርግልኝ» ይላል። ስለዚህ የሙዚቃውን ሥራ እንደተቀበላችሁ ጊዜያዊው እንዲወጣ ጠይቁ፤ ባዶውን ምስል ይላክላችሁ።

የመብት ጉዳይ አጭር ነው። የቆየ ባህላዊ ዜማ የሕዝብ ነው፣ የአንድ ዘፋኝ ቅጂ ግን የዘፋኙ ነው። ከካሴት ቆርጣችሁ አታስገቡ፣ ዩቲዩብም ያነሳባችኋል። ለተጫወተላችሁ ሰው ክፍያውን፣ ድምፁ የት የት እንደሚውል፣ ስሙ በፊልሙ መጨረሻ እንደሚጻፍ የሚገልጽ አንድ ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ። እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻው በዋቭ ፋይል አስቀምጡ፣ ሁለት ቦታ። ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ያንኑ ዜማ ለሌላ መሣሪያ ትሰጡታላችሁ፤ የመጀመሪያው ፋይል ከጠፋ ከዜሮ ልትጀምሩ ነው።